በቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ቃለ ጉባኤ

ይህን ነገር እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የጾም ጉድለቴን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን ዘልዬ እነሣለሁ። እሳቸውም ከልባቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። ያልሰሙትን እንዴት አድርገው ይፍቱት? እያወቅሁ አሜን ብዬ እወጣለሁ።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ያደረግሁትን ከፊት ላስቀምጠው። ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ስጠየቅ፣ «ቃለ ጉባኤ የለንም» አልሁ። ሦስት ቃል ናት። ቃለ ጉባኤው ጭኔ ላይ ባስቀመጥሁት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ይህን ያልሁት ፈርቼ አይደለም። ጉቦ በልቼም አይደለም። ያስገደደኝም ሰው የለም። ቀንቼ ነው።

የቀናሁባት ሴት ትርንጎ ትባላለች። ማራኪ ግቢ ሕግ ስንማር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አምስት ዓመት አብረን ኖረናል። አንድ ጃንጥላ ነበረን፤ ዝናብ ሲመጣ ተቃቅፈን እንሄዳለን። ስንመረቅም እዚሁ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርን፤ ጠረጴዛችን ሳይቀር ፊት ለፊት ነበር። ሰው «መንታዎቹ» ይለናል፣ እኔም እስቃለሁ። በማዕረግ የተመረቅሁት ግን እኔ ነኝ። እሷ ለጥቂት ነው ያለፈችው። ታዲያ ከበድ ያለ ጉዳይ በመጣ ቁጥር አለቃችን «ትርንጎ ምን አለች?» ይላል እንጂ «ስመኝ ምን አለች?» ብሎ አያውቅም። ጥበቃው እንኳ ለእሷ ከወንበሩ ይነሣል፣ ለእኔ ተቀምጦ አንገቱን ያጎነብሳል። ይህን ሁሉ እየቆጠርሁ ኖርሁ። ሌላ ሥራ የሌለኝ ይመስል እንዲህ ያለውን ቆጠርሁ።

ከዚያ ያ ደንብ መጣ። ዋልያ የሚኖርበትን ፓርክ ወሰን የሚያሰፋና በዙሪያው ያሉትን ጥንታዊ ቦታዎች የሚያስጠብቅ ደንብ ነበር፤ እንድናረቅቀው ለሁለታችን ተሰጠን። ነዋሪውን ለማነጋገር ወደ ጃናሞራ ወጣን። ከመካነ ብርሃን በእግር ግማሽ ቀን ሄደን አንዲት ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ ነው። ከበላይዋ ያለው መስክ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር ይበቅልበታል፤ ቤተ ክርስቲያኗ የምትከደነው በዚያ ነው።

ጓሳውን ዝም ብሎ የሚያጭደው የለም። የአገሬው ሰው በግዝት ይዘጋዋል። የቤተ ክርስቲያኗ ገበዝ መስቀላቸውን ይዘው መስኩ አፋፍ ላይ ይቆሙና «ማጭድ ያስገባ የተወገዘ ይሁን» ይላሉ፤ ክዳኑ እስኪያረጅ ድረስ ለዓመታት ማንም አይነካውም። ክዳኑ ሲያረጅ ገበዙ ግዝቱን ይፈታሉ፤ ሕዝቡ ወጥቶ ያጭዳል፣ ይከድናል፤ ከዚያ መስኩ እንደገና ይዘጋል። እኛ ወረቀት ይዘን የሄድነው ይህን መስክ ወደ ፓርኩ ለማስገባት ነበር።

እኔ የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ። ስለ ዋልያው፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ቱሪስቱ ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና ሰሙኝ። ትርንጎ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ጓሳው በስንት ዓመት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀች። የሰዉ ሁሉ አፍ ተፈታ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቀች፣ መስኩን ከእነሱ ጋር ዞረችው፤ ጫማዋ ተበልቶ በገመድ አሰረችው። የጓሳው ጠባቂ አያ ካሴ የሚባሉ፣ አውራ ጣታቸው ላይ የማጭድ ጠባሳ ያለባቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ ሸጋ ልጅ?» አሏት።

«የጎንደር ነኝ አያ ካሴ፣ የቀበሌ ቤት ልጅ» አለቻቸው። ሳቁ።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ጸሐፊዋ ነሽ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የገበሬ ልጅ እኔ ነኝ። አባቴ የሚያርሰው ከመካነ ብርሃን ሩቅ አይደለም። «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብል ኖሮ አቅፈው ይስሙኝ ነበር። አላልሁም። ያ የከተማ አነጋገሬ፣ ያ ቦርሳዬ እንዳይረክስብኝ «እኔም የጎንደር ነኝ» አልሁ። ራሴ የደበቅሁትን ዝምድና ትርንጎ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታገኘው ግን እንደተሰረቅሁ ቆጠርሁት። ምን ሰረቀችኝ? ምን ነበረኝ?

በሦስተኛው ቀን ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ከብቶቻቸውን ከመስኩ አውርደው ለፓርኩ ሊለቁ፣ ዳግም እንዳያወጧቸውም በግዝት ሊታሰሩ። በምትኩ፣ ክዳኑ ባረጀ ጊዜ እንደ ጥንቱ ጓሳውን ሊያጭዱ። ገበዙ በፊታችን ገዘቱ። ትርንጎ ቃለ ጉባኤውን ጻፈች፤ ሰባት ሽማግሌዎች አሻራቸውን አኖሩበት፣ እሷ ፈረመችበት። እኔ ቀለሙን ያዝሁላቸው።

ያቺ ስምምነት በረቂቁ ላይ አንዲት ንዑስ አንቀጽ ሆና ገባች። ያለ እሷ ደንቡ ወጥመድ ነበር። አንዱ አንቀጽ በፓርኩ ውስጥ ሣር ማጨድ ይከለክላል፤ ሌላው አንቀጽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ክዳኑን ወደ ቆርቆሮ እንዳይቀይር ይከለክላል። ሣሩም የለ፣ ቆርቆሮውም የለ። ይህን ያየችው ትርንጎ ናት። እኔ ሁለቱንም አንቀጽ በእጄ ጽፌ አላየሁትም።

ረቂቁ ለኮሚቴ የሚቀርብበት ሳምንት ትርንጎ ወለደች። ከአራስ ቤት ሆና ሰነዱን ሁሉ ሰጠችኝ። «አንቺ እያለሽልኝ ምን አስባለሁ» አለችኝ። ገንፎዋን በልቼ፣ ሕፃኗን ስሜ፣ ቃለ ጉባኤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እምላለሁ፣ ያን ጊዜ ምንም አላሰብሁም ነበር።

በኮሚቴው ፊት ሁሉንም አንቀጽ አስረዳሁ። ላቤ እስኪንቆረቆር ደከምሁ። ማንም አላመሰገነኝም። ወደዚያች ንዑስ አንቀጽ ስንደርስ ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «ይህችን ያረቀቀው ማን ነው? እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው ያጣነው» አለ። አለቃችን ቀበል አድርጎ «ትርንጎ ናት፤ ዛሬ የለችም እንጂ» አለ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ሰብሳቢው ቀጠለ፤ «ነዋሪው የተስማማበት ቃለ ጉባኤ አለ? ካለ ትለፍ፣ ከሌለ ግን ነገ ሁሉም እየተነሣ ሣር ልጨድ ይላል።» ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

ቦርሳዬን ብከፍተው ያልቅ ነበር። እጄ ዚፑ ላይ ነበር። አየሁት፤ ወረቀቱን አወጣለሁ፣ እጅ ለእጅ ይዞራል፣ ሰባቱን አሻራ ያያሉ፣ እንደገና «ጎበዝ ናት» ይላሉ፣ እኔም ቀለሙን እንደያዝሁ እቀራለሁ።

«ቃለ ጉባኤ የለንም» አልሁ።

ሰረዟት። ደቂቃ አልፈጀም።

ትርንጎ ስትጠይቀኝ «አሳይቻቸው ነበር፣ አልተቀበሉም፤ ወረቀቱም እዚያው ቀረ» አልኋት። አመነችኝ። ልጇ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ለክርስትና እናትነት የመረጠችው እኔን ነው። ሕፃኗን ታቅፌ፣ ሰይጣንን ክጃለሁ ብዬ ቆምሁ። በዚያ አፌ።

ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ትርንጎ «በደብዳቤ አይሰሙትም፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ብላ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ሄድሁ። ለምን ሄድሁ? ልደግፋት ነው ብዬ ነበር። ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥባት ለማየት ነው የሄድሁት። አየሁም። የጮኸ የለም። አያ ካሴ ብቻ «ምነው ትርንጎ? ምነው ልጄ? እኛ ከብቶቻችንን ያወረድን ያንቺን ቃል ይዘን አልነበር?» አሏት። ስንሄድ ለመሸኘት የተነሣ አልነበረም። በእነሱ አገር እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም። ትርንጎ እስከ መካነ ብርሃን ድረስ እያለቀሰች ወረደች፤ ጃንጥላዋን የያዝሁላት እኔ ነኝ። በዓመቱ ሥራዋን ለቀቀች። አሁን ፒያሳ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ጥብቅና ትሠራለች። ወደ ጃናሞራ ዳግም አልወጣችም። ወንበሯ ለእኔ ደረሰኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አለቃዬ እስከ ዛሬ «ትርንጎ ብትኖር» ይላል።

አራት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ደንቡ ይሻሻል ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። በግንቦት ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ሰማያዊ ሸራ ለብሳለች፤ ሸራውም ተቀዷል። ውስጥ ገብቼ አየሁ። ውሃው ግድግዳውን ይዞ ወርዶ የእመቤታችንን ሥዕል ግማሽ ፊቷን አጥቧታል። ሽቅብ ወጥቼ መስኩን ተመለከትሁ፤ ጓሳው የሰው ቁመት ደርሷል። ከብት የለበትም። አንድም ከብት። እኛ ቃላችንን ስናጥፍ እነሱ በግዝታቸው ጸንተው ኖረዋል።

ያቺን ንዑስ አንቀጽ እመልሳለሁ አልኋቸው፤ አዲስ ቃለ ጉባኤ ጽፌ አሻራ እንዲያኖሩልኝ ለመንሁ። በአዲሱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። አያችሁ? ያን ጊዜም ይህን አስቤያለሁ።

አያ ካሴ አርጅተዋል። «አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «አሻራችንን ሰጥተናል። ግዝቱም እስከ ዛሬ አልተፈታም። አሁን ሁለተኛ ብናኖር የፊተኛው ቃላችን ሐሰት ነበር ማለት ነው። አሻራቸውን አኑረው የሞቱም አሉ፤ ምን ብለን እንሽርባቸው? የፊተኛውን ወረቀት ፈልጊ።»

«ከጠፋስ አያ ካሴ?»

«ከጠፋማ ያጠፋችው ያቺ ናት። አታላናለች። አንቺ ግን ሸጋ ልጅ ነሽ፣ ዞረሽ አየሽን። እግዚአብሔር ስምሽን ያስጠራው፣ እንዳከበርሽን ያክብርሽ።»

ዐሥር ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ምርቃት ይኸው ነበር። አሜን አልሁ። ከበደሌ ሁሉ የሚከፋው ይኸኛው ይመስለኛል። በአዳራሹ ያልሁትን ሳላስብ አልሁት ልበል ብል እንኳ፣ አሜንን ግን አስቤ ነው ያልሁት።

ወረቀቱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ለምን አልቀደድሁትም? አላውቅም። ማክሰኞ አወጣሁትና ፒያሳ ሄጄ ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት።

«የእኔ ፊርማ ነው» አለች። «የት ተገኘ?»

«አልጠፋም። ያኔም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የለም ያልኋቸው እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። በጣቷ አሻራዎቹን አንድ በአንድ ነካች፤ ጠባሳ ያለባት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አያ ካሴ አሉ?»

«አሉ።»

«ጣሪያውስ?»

ስለ ሸራው ነገርኋት። ስለ ሥዕሉም።

«ክረምቱ ሳይከብድ ክዳኑ ይደርሳል?» አለች።

ለምን አደረግሽው አላለችኝም። ምን በደልሁሽ አላለችኝም። አራት ዓመት ስሟ የጠፋው እሷ ሆና ሳለ ቀድሞ የመጣባት የእነሱ ጣሪያ ነው። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ቀናሁባት። እንደ ድሮው ቀናሁባት።

ሐሙስ ኮሚቴው ይቀመጣል። ቃለ ጉባኤውን ከዚህ ጽሑፍ ጋር አያይዤ አቀርባለሁ። ከዚያ ጃናሞራ ወጥቼ ለአያ ካሴ የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ ምን እንዳደረግሁ በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ምርቃታቸውንም ለባለቤቷ ይመልሱላት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ቅናቱ ገና ከውስጤ አልወጣምና ብትሉኝም አይያዝልኝም።

ከክፍሏ ስወጣ ትርንጎ ከበስተኋላዬ ጠራችኝ።

«ለልጅቱ አንቺው ትነግሪያታለሽ» አለችኝ። «እኔ አልነግራትም።»

ልጅቱ አራት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዤ የምወስዳት እኔ ነኝ።