ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝ

ራጂያ ጠሃ ቡሬ ገበያ ላይ ጨርቅ ከሚነግዱ ቤተሰብ ተወልዳ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ላይ ለገበሬ ማኅበራት የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራ ሴት ናት። ምርጥ ዘር የሚከፋፈልበት ፕሮግራም የእጇ ሥራ ነው፤ ትንሽም ትኮራበታለች።

ሰኔ ሊገባ ሲል ከሽንዲ ተደወለላት። የዘር መጋዘኑ ኃላፊ መሪጌታ እንዳለው ናቸው፤ በሥራ ቀን ዘር የሚያድሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ቅኔ የሚያስተምሩ።

«ልጄ፣ ይኼ ኮምፒውተር በቀይ ተቆጣኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አይነግረኝ! ዝናቡ ጥሏል፣ ገበሬው ደጄ ላይ ቆሟል።»

«የሚለውን ያንብቡልኝ እስቲ።»

እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ቆጠሩላት። መልእክቱን የጻፈችው እሷው ናት፤ እሷም አልገባትም።

ሚኒባስ ይዛ በቡሬ በኩል ሽንዲ ገባች። ጥፋቱ የጤፍ ፍሬ አያህልም፤ መሪጌታ አዲስ የመጣላቸውን ኮምፒውተር ሲያዘጋጁ፣ መረጃው የተቀመጠበትን የቁጥር አድራሻ ሲጽፉ አንዲት ነጥብ ዘለዋል። ነጥቧ ስትገባ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ገበሬውም የበቆሎ ዘሩን እየተሸከመ ወደ ማሳው።

«አፉ ይበሉኝ መሪጌታ፤ ግማሽ ቀን አቆምሁዎት።»

መሪጌታ ሳቁ። «ተማሪዬ ቅኔው ሲበላሽበት ‘ተበላሽቷል’ ብዬ ብሰደው ነገ አይመጣም። ‘እዚህ ቤት ላይ ቀለም ጎድሎሃል’ እለዋለሁ እንጂ፤ የጎደለችውን ፊደል ሞልቶ ይመጣል።»

ነገሩ ሆዷ ገባ። ስትመለስ ቡሬ ከእናቷ ሱቅ ጎራ አለችና ላፕቶፗን ጣቃ ጨርቅ ላይ ዘርግታ መልእክቶቹን በአማርኛ ትጽፍ ጀመር። እየጻፈች ለእናቷ ለወይዘሮ ሙሚና ታነባለች።

«‘ግንኙነቱ አልተሳካም።’»

«የማን ግንኙነት? እና እኔ ምን ላድርግልሽ?» አሉ እናት፣ ጨርቅ እየለኩ።

አጠፋችው። ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆይታ እንዲህ አለች፦ «‘ስህተት። የመረጃውን አድራሻ ላገኘው አልቻልሁም። ማስተካከያ የሚለውን ፋይል ከፍተው አራተኛውን መስመር ይዩ፤ በቁጥሮቹ መካከል ነጥብ ሳይጎድል አይቀርም። ጨምረው እንደገና ይሞክሩ።’»

«አዎ፣ አሁን የሰው ንግግር ሆነ» አሉ ሙሚና። ራጂያም የታደሰውን ፕሮግራም ለመሪጌታ ላከችላቸው።

ሐምሌ ላይ መሪጌታ ደወሉ። ራጂያ ሰላምታ ሳታስቀድም ጠየቀች።

«ፕሮግራሙ እምቢ አለዎት እንዴ?»

«ብሎኝ ነበር። የቱ ጋ እንደሆነ ነገረኝ፣ አቃናሁት። የደወልሁ ለሌላ ነው። ‘ስሕተት’ን በሃሌታው ‘ሀ’ ጽፈሽዋል። በሐመሩ ‘ሐ’ ነው ልጄ!»

ራጂያ ሳቋ አመለጣት። የዚያኑ ዕለት ፊደሉን አርማ ፕሮግራሙን ለሁሉም ማኅበራት ላከች።