እንደ ጫት የጠቀለልኩት ማሽን

ከጭሮ የወጣሁበት ምሽት የጫት መኪናው ሾፌር ስሜን ከማን ሰማ? ይህን ጥያቄ ይዤ ጅቡቲ ገባሁ፣ ይዤው ኖርዌይ መጣሁ፣ መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። መንገዱን ላመቻቸልኝ ደላላ ዘይነባ እባላለሁ ብዬው ነበር። ባለቤቴ ከታሰረ ወዲህ ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሥራ የሌለው ሰው እየተቀመጠ ስለሚውል መሄዴን ለማንም አልተነፈስኩም። ልጄን ኢፍቱን እንኳ በደሳ ከተማ ወዳለችው እናቴ የወሰድኳት «ጭሮ ኩፍኝ ገብቷል፣ አንቺ ጋ ትቆይ» ብዬ ነው። ሾፌሩ ግን በሩን ከፍቶ በእውነተኛ ስሜ፣ «ሀሊማ፣ ፊት ግቢ፤ ኋላ ጫቱ ላይ ከወጣሽ ማሰሪያው ይላላና ነፋስ ይገባዋል» አለኝ። ነፋሱን የፈራው ለእኔ አልነበረም። ሂርና ላይ ሻይ ጋበዘኝ፣ አልጠጣሁም።

የጅቡቲን ነገር ብዙ አልነግራችሁም፤ ሙቀቷን የቀመሰ ያውቀዋል። በጽዳት የሠራሁባቸው ቤቶች ክሊማ የሚሉት ማሽን ነበራቸው፣ ውስጡን አቀዝቅዞ ሙቀቱን መንገደኛ ፊት ላይ የሚተፋ። ከዓመታት በኋላ በስደተኞች ቢሮ በኩል ኖርዌይ ስደርስ ያው ማሽን ተገልብጦ ጠበቀኝ። ስሙ ቫርመፑምፔ ነው፤ ከውጭ ሙቀት ለቅሞ ቤት ያስገባል አሉኝ። በረዶ ከሞላው ደጅ ምን ሙቀት ይለቀማል? እኛ ሐምሌ ላይ ጉም ሲወርድ በረደን እንላለን፣ እዚህ ግን የአፍንጫ ፀጉር ይደርቃል። አብሹን ሁልበት አድርጌ መትቼ በእነሱ ጥቁር ዳቦ እበላለሁ፤ ሁልበቱ የቤቱ ነው፣ ዳቦው ግን እንደ እንግዳ አፌ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

ለእናቴ ስደውል፣ «አዮ፣ እዚህ ማሽኑ ከበረዶ ውስጥ ሙቀት ያወጣል» አልኳት።

«ከበረዶ? ወላሂ?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ነው የሚሉት።»

«ልጄ፣ ሰዎቹ እንዳያታልሉሽ» አለችኝ።

ያከራዩኝ ኡላቭ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ቋንቋቸው አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ በአፌ አንተ ስላቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር የሰረቅኩባቸው ይመስለኛል። እሳቸው ፎቁ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት። ውሉን ስንፈራረም ጣታቸውን ቀስረው «አንድ ሰው» አሉ፤ «አንድ ሰው» አልኩ። ኢፍቱን ለማስመጣት ያመለከትኩትም ያን ሰሞን ነበር። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ከቢሮ ሰው መጥቶ ቤቱ ለልጅ የሚሞቅ መሆኑን ያያል። ለኡላቭ ብናገር ያስወጡኛል፤ ካስወጡኝ ቤት የለኝም፤ ቤት ከሌለኝ ልጄ አትመጣም። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ብርዱ ሲበረታ ማሽኑ ጠባይ አመጣ። ደህና ሲያሞቅ ይቆይና ድንገት ቀጥ ይላል፣ እንደ ተቆጣ ድመት እስስ ይላል፣ ነፋሱ ይቋረጣል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። በዚያው ቅጽበት ከላይ የኡላቭ እግር ወለሉን ሲረግጥ ይሰማኛል። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው ባልኩ፤ ሁሌ ነው። ሰውየው እያጠፉብኝ ነው አልኩ። የልጅ አልጋ ፈታትቼ ሳስገባ አይተው፣ ራሴ በብርዱ ተማርሬ እንድወጣ ይሆናል። ደጅ ወጥቼ ሳይ ደግሞ ውጭ ያለው ሳጥን ጀርባው ነጭ በነጭ ሆኗል። ኡላቭን ማስቆም ባልችል ማሽኑን ከብርድ ላድነው አልኩ።

እናቴ ጫት አሳሪ ናት። ነፋስ የነካው ጫት ገበያ ሳይደርስ ይሞታል፤ በሙዝ ቅጠል ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ገመዱ ጠበቅ ይላል። ቅጠል ባላገኝ ብርድ ልብሴን አለበስኩት፣ በላዩ ማዳበሪያ ደረብኩ፣ እሷ እንዳስተማረችኝ አሰርኩት። ስጨርስ ለጅቡቲ የምትጫን ትልቅ እስር መሰለ፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ማሽኑ ሲያቃስት አድሮ ጭራሽ ቆመ። ቤቱን ለማየት ከቢሮ የተላከችው ሴት የምትመጣው ከነገ ወዲያ ነበር። ደጅ ስወጣ ኡላቭ ገመዴን እየፈቱ ነው፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ያለው በረዶ እንደ አሞሌ ጨው ጠጥሯል።

«ይህን ማን ገነዘው?» አሉ። በራሳቸው ቃል «ማን ጠቀለለው» ነው ያሉት፣ ፊታቸው ግን የቀብር ነበር።

«እኔ ነኝ። በርዶት ነበር።»

«ማሽኑን?»

«አዎ፣ ማሽኑን።»

«ማሽኑ ቀለቡ ከዚሁ ከቀዝቃዛው አየር ነው። አፉን ነው ያሰርሽው። ከሥሩ ምን ልትደብቂ ነበር?»

«ምንም። እርስዎስ ከላይ ሆነው ለምን ያጠፉብኛል?»

«እኔ?»

«እሱ በቆመ ቁጥር ይነሳሉ። እግርዎን እሰማለሁ።»

አፈጠጡብኝ። «የምነሳው እኮ ፉጨቱ ስለሚያስደነግጠኝ ነው። አንቺ ሪሞቱን እየነካካሽ የምታበላሺው መስሎኝ ማሽኑን በመስኮት ለማየት ነው።»

በረዶውን በመዶሻ ልበለው ስል ከለከሉኝ። ማሽኑን አጥፍተን ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስን አስረዱኝ። ውጭ ያለው ቧንቧ ሙቀት የሚለቅመው ከደጁ አየር ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ የአየሩ እርጥበት ይረጋበትና አመዳይ ይሆናል። አመዳዩ ሲወፍር አየር አያሳልፍም። ያን ጊዜ ማሽኑ በራሱ ይገለበጣል፤ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ጅቡቲው ክሊማ ሆኖ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ይልክና አመዳዩን ያቀልጣል። ውስጥ ማራገቢያው የሚቆመው ቀዝቃዛ እንዳይነፍስብኝ ነው። እስስ የሚለው ጋዙ አቅጣጫ ሲቀይር ነው፤ ከውጭ የሚጨሰውም እንፋሎት እንጂ ጭስ አይደለም።

አላመንኳቸውም። የማሽኑን መመሪያ ሰጡኝ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት፣ ያሉት አለበት። የሰጡኝ ግን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሌላ መጽሐፍ አወጣሁ፤ ያም ያንኑ ይላል። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ሌላው በልጅነቱ የተቀበለውን እኔ ከሁለት ቦታ ሳላነብ አልቀበልም።

ስመለስ ኡላቭ ደጅ ቆመዋል። ማሽኑ ተነስቶ እየሠራ ነበር፤ ከጎናቸው ስደርስ ቀጥ አለ፣ እስስ አለ፣ ቀጥሎ እንፋሎቱ ወጣ። ውሃው ከሥሩ ይንጠባጠባል።

«ለአንድ ሰው» አሉ ዓይናቸውን ከማሽኑ ሳይነቅሉ፣ «ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምንድን ነው? ብርድ ልብስሽን ለእሱ ሰጥተሽ አንቺ ምን ለብሰሽ ተኛሽ?»

ካፖርቴን ለብሼ ነበር የተኛሁት። ኖርዌይ ከገባሁ ምን ለብሼ እንደምተኛ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ጥያቄው ወዴት ሊወስደኝ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። ግን ሴትየዋ ነገ ትመጣለች፣ ከእሷ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ከእኔ ይሻላል።

«አንድ ሰው አይደለሁም» አልኩ። «ልጅ አለችኝ። ላስመጣት ነው።»

በዚህ አገር ከቢሮ ውጭ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አልጋውን አይቻለሁ» አሉ ኡላቭ። «ለድመት በዛ ብዬ ነበር።»

ውጪም ቆዪም አላሉኝም። በእንፋሎቱ መካከል መዳፋቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው ዘረጉና፣ «ይህን ያህል ትሆናለች?» አሉ።

እኔ ከአገር ስወጣ ቁመቷ ከጉልበቴ እምብዛም አያልፍም ነበር። እጃቸውን ይዤ ጥቂት ከፍ አደረግኩት፤ ከዚያ ተጠራጠርኩና መልሼ ዝቅ አደረግኩት።