አባቴ እንጨቱን የቀለበበት ምሽት

አሰብ ውስጥ ልጅ ሆኜ ሳድግ ከቀኑ ሁሉ የምወደው ፀሐይ ወደ በረሃው ወርዳ ከባሕሩ ነፋስ መምጣት የሚጀምርበትን ሰዓት ነበር። ያኔ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ የሰፈሩ ሰው አልጋውን ግቢ ያወጣል። እናቴ ከሰል ላይ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝም ቢሆን ከአባቴ አልጋ ንቅንቅ አልልም። አባቴ ከአሰብ ወደብ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቤት የሚያድርባቸው ምሽቶች ጥቂት ስለነበሩ አንዷም እንድታመልጠኝ አልፈልግም።

እራት ተበልቶ ፋኖሱ ሲበራ ተረቱ ይጀመራል። ውኃ ፍለጋ በረሃውን የምታቋርጥ የአንዲት ሚዳቋ ተረት ነበር፤ እንደ አባቴ መንገድ ማለቂያ የለውም። አንዴ ነብር ያደባባታል፣ አንዴ ጅብ መንገድ ይዘጋባታል። ነብሩ ሊዘልባት ሲል አባቴ ዝም ይልና ከትራሱ ሥር የሣጥን ጣውላ ስባሪ ያወጣል። እኔ እጄን የአልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፌ አውራ ጣቴንና ጠቋሚ ጣቴን እከፍታለሁ። እሱ የእንጨቱን ጫፍ በጣቶቼ መሐል አንጠልጥሎ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራ፣ ድንገት ይለቀዋል። ከቀለብኩት ሚዳቋዋ ታመልጣለች፤ ካመለጠኝ ተረቱ ለነገ ያድራል።

በመጀመሪያ ሰሞን እንጨቱ መሬት ሲወድቅ እንጂ ሲለቀቅ አላየውም ነበር። «ዘሃራዬ፣ የኔን ጣት እያየሽ ነው የምትዘገዪው። የእንጨቱን ጫፍ ብቻ እዪ» አለኝ። እሱ መንገድ ሲሄድ ከእናቴ ጋር ስለማመድ እሰነብታለሁ። የያዝኩበትን ቦታ በከሰል ምልክት ስለምናደርግበት፣ ምልክቱ ቀስ በቀስ ወደ ታችኛው ጫፍ ሲወርድ እያየሁ እኮራ ነበር። እሱም ሲመለስ አንቺማ ሾፌር ልትሆኚ ነው እያለ ያሾፍብኛል፤ ከዚያ ተራው የሱ ይሆንና እስኪደክመን እንጫወታለን።

ጨዋታው ግን ለእናቴ ጨዋታ አልነበረም። አንድ የአባቴ ጓደኛ እንቅልፍ ሳይጠግብ ነድቶ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሊነሳ ሲል በዋዜማው እንጨቱን ሳትለቅበት አታሳልፈውም። ከቀለበው ጠዋት ይሄዳል፤ ካልቀለበው አንድ ቀን ይተኛል፣ ረዳቱም እያጉረመረመ ይጠብቃል። በኋላ ይህን ሥራ ለእኔ ተወችልኝ።

እንጨቱን እኔ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ አባቴ አልፎ አልፎ ይስት ጀመር። በተለይ ተረቱ ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ሲደርስ። አንድ ምሽት እንዲሁ ስቶ «በቃ፣ ነገ እዚሁ ነኝ» ካለ በኋላ የሻይ ብርጭቆ ከበርጩማው ጠርዝ ተንሸራተተ። አባቴ ፊቱን እንኳ ሳያዞር አየር ላይ ያዘው። እናቴ አየችው፣ እኔም አየሁት። እሱ ሳቁን እየዋጠ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። በማግስቱ ማታ ሚዳቋዋ ከጅቡ አመለጠች።

የመጨረሻው ምሽት ላይ ሚዳቋዋ የውኃው ዳር ደርሳ ነበር። መኪናው ተጭኖ ቆሟል። አባቴ ተረቱን አቋርጦ እጁን ዘረጋ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሊስትልኝ እንደሆነ ገባኝ። ደስ ብሎኝ እንጨቱን ለቀቅኩት።

እጁ ያዘው። ከከሰል ምልክቶቹ ሁሉ በታች፣ ጫፉ ላይ ማለት ይቻላል። አባቴ የሰው እጅ እንደሚያይ የገዛ እጁን አየ።

«ይቺ እጅ ደግሞ ማንን አማክራ ነው?» አለ።

ያን ሁሉ ምሽት አብረን ከመለማመዳችን የተነሳ እጁ መዘግየት ተስኖት ነበር። እንባዬ መጣ። እናቴ የውኃውን ነገር ስትመለስ ትነግራታለህ አለችው፤ ኢንሻአላህ አለ፤ ግንባሬን ሳመኝ። ጠዋት ስነሳ ሄዷል።

እሱ ከድንበሩ ማዶ፣ በአዲስ አበባ በኩል ሳለ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሳ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ፤ የመኪና ድምፅ የማይጠፋበት ሰፈራችን ጭር አለ። በጅቡቲ በኩል የመጣ ነጋዴ ደህና ነው ብሎ ነገረን። እናቴ ከዚያ በኋላም አመሻሽ ላይ አልጋውን ማውጣቷን አልተወችም። አባቴ ግን ድንበሩ ሳይከፈት ሞተ።

አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ። አባቴ ያን ምሽት ቢስት ኖሮ አንድ ቀን ብቻ እንደሚቆይ፣ ከዚያ መሄዱ እንደማይቀር አውቃለሁ። አንድ ቀን ጦርነት አያስቀርም። ቢሆንም እሷን አንዲቷን ቀን ከዚያ ወዲህ ከኖርኳቸው ቀናት ሁሉ አብልጬ እናፍቃታለሁ፤ ያልኖርኩት እሷን ብቻ ነውና።