በሙሽራ ጓዝ ውስጥ የሚቀመጠው ድንጋይ

የዚያን ቀን ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት የነበርነው እኔ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ፣ ከይጁቤ የመጣችው ታናሽ እህቴ፣ ከደምበጫ የመጣችው እናቴና ሐኪሟ ነን።

ልጄ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሆዷን ይዛ ትታጠፋለች፣ ከትምህርት ትቀራለች። እኔን የበለጠ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ታላቅ እህቴ እንደዚሁ ሲያማት ኖሮ ልጅ ስላልወለደች ባሏ ፈታት፤ አፍራ ከአገር ወጣች። ልጄም እንደሷ እንዳትሆን እሰጋ ነበር።

ሐኪሟ «ከቤተሰብ እንዲህ የሚያማት አለች?» ስትል ቶሎ ብዬ «የለችም» አልኩ። ለመዋሸት አይደለም። እኛ ቤት ይኼ በሽታ አይባልም፤ ብርድ ነው የሚባለው።

ልጄ መሐረብ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ድንጋዩ ዱብ አለ። ጡጫ የሚያክል ልሙጥ የወንዝ ድንጋይ ነው፤ አሙቀን በጨርቅ ጠቅልለን ሆዳችን ላይ እናደርገዋለን። እናቴ ስትድረኝ ከጓዜ ጋር የሰጠችኝ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ሐኪሟ።

«የብርድ ድንጋይ» አለች ልጄ።

«እኔም አለኝ» አለች እህቴ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ታመምሽና?» አልኳት።

«እንዳታዪኝ ከጎተራው ጀርባ እየተኛሁ።»

ሐኪሟ ወደ እናቴ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎስ?»

«እኔ የእናቴን ነው የያዝኩት። እሷም ከእናቷ ነው ያገኘችው። ቀድመሽ ብትጠይቂን ኖሮ ይኼን ሁሉ ዘመን ድንጋይ አንሸከምም ነበር፣ ልጄ።»

ሐኪሟ እየሳቀች ጻፈች። ልጄን መርምራ ሕመሙን ኢንዶሜትሪዮሲስ አለችው፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። በዘር ሊሄድ ይችላል አለች፤ እናቷ ወይም እህቷ ሕመሙ ያለባት ሴት ከሌላው ይበልጥ ልትያዝ ትችላለች፣ ግን የግድ አይደለም። የማንም ጥፋት አይደለም።

«ትወልዳለች?» አልኳት።

«አሁን ላይ ሆኜ እርግጡን አልነግርሽም። ግን ብዙዎቹ ይወልዳሉ። በጊዜ ማወቃችን ደግ ነው።»

ከሐኪም ቤቱ በር እስከ ባጃጁ ድረስ አራታችንም ስንስቅ ሄድን፤ እህቴ ሆዷን ይዛ እየጎበጠች ከጎተራው ጀርባ እንዴት ትወጣ እንደነበር ስታሳየን እናቴ ከሳቅ የተነሣ መራመድ አቃታት። ልጄ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ አንድ ቀንም ከትምህርት አልቀረችም። ድንጋዩን በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አድርጋዋለች።

ታላቅ እህቴ ግን ይህን አልሰማችም። ከሉማሜ አውቶቡስ ተሳፍራ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆነ። ረጅም ናት፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፣ ድንጋይዋን ይዛ ነው የሄደችው። ያያት ሰው ካለ የት እንዳለች ይንገረኝ።