በጂፕሰም ላይ የለጠፍሁት ጭቃ

አዘዞ ያለው ቤቴ ለሁለት የተከፈለው በጂፕሰም ቦርድ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝና ግማሹን ላከራይ ብዬ ለሁለት አስከፈልሁት። ሠራተኛው በሁለት ቀን አቁሞልኝ ሄደ። በጣቴ ባንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ። «ይኼ ግድግዳ ነው ወይስ ካርቶን?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ግድግዳ አላመንሁትም።

በማዶ በኩል የገባችው ከአዲ አርቃይ የመጣች ልጅ ናት። ባሏ የጭነት ማኪና ነጂ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ይውላል፣ ያድራል። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ እዚህ አገር ዘመድ የላትም። ስትገባ «እትዬ፣ እናቴ ሩቅ ናት፤ ምጥ ሲመጣ እርስዎ አሉልኝ» አለችኝ። «አለሁልሽ» አልኋት። ከልቤ ነበር።

ቀዳዳውን የከፈትሁት እኔው ነኝ፤ አልክድም። የባለቤቴን ትልቁን ፎቶ ልሰቅል ብዬ፣ እንደ ጭቃ ቤት መስሎኝ፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ምስማር መታሁበት። በሦስተኛው ቀን ፎቶው ከነምስማሩ ወረደና ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። ዓይኔን አስጠግቼ ሳይ ምስማሩ የእሷንም በኩል በስቶት ኖሯል፤ ከማዶ ብርሃን ይታያል።

ሌላ ሰው ቢሆን ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄዶ ነጩን የጂፕሰም መድፈኛ፣ ስቱኮ ይገዛል። እኔ ግን የጭቃ ቤት ልጅ ነኝ። አገሬ ድብ ባሕር ሳለን ግድግዳ ሲቀደድ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አፈርና የጤፍ ጭድ በውኃ አቡክቶ ሳምንት ማቆየት፣ በእግር መርገጥ፣ መለጠፍ። እንዲያው አደረግሁ። ሽታው ሦስት ቀን ቤቱን አከረፋው፤ ሲደርቅ ግን ሸጋ ሆነ። የእኔ እጅ ነዋ!

በሳምንቱ ማለዳ ስነሳ ጠርዙ ተፈርፍሮ ወለሉ ላይ ወድቋል። ደግሜ ለጠፍሁ፤ ደግሞ ተፈረፈረ። ቀዳዳው ጭራሽ እየሰፋ ሄደ። ወይ ጉድ! የረገጥሁት ጭቃ በራሱ አይፈርስም፤ የሚቆፍረው እጅ አለ ማለት ነው። በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ እጅ ያላት ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ልናገር። ጧት ጧት ሻይ ስጥድ ከባለቤቴ ጋር አወራለሁ። መሞቱን አውቃለሁ፣ አላበድሁም። ግን ያደርሁበትን እነግረዋለሁ፤ እቆጣዋለሁም። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ጣጣ በእኔ ጥለህ ተኛህ አይደል?» እለዋለሁ። አንዳንዴ አለቅሳለሁ፤ አንዳንዴ ለሰው የማይነገር ስድብ እሰድበዋለሁ። ይኼን የሰማ ሰው «አሮጊቷ ለቀቀች» ቢል ምን እመልሳለሁ? በቀዳዳው ማዶ ጆሮዋን ለጥፋ የምትስቅብኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ማኅበር ላይ አንዷ ማኅበርተኛዬ «ዛሬስ ሰውዬሽን አልተቆጣሽውም?» ብላ ሳቀች። ደሜ ፈላ። ማን ነገራት? በማግስቱ ልጂቱ ልብስ ስታሰጣ ጣቶቿን አየሁ። ጥፍሯ ሥር የጂፕሰም የመሰለ ነጭ ዱቄት አለ።

«ምን ነክተሽ ነው?» አልኋት።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና «ምንም» አለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያዝኋት፣ አልሁ በልቤ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!

ያን ዕለት ማታ «ወር ሲሞላ ልቀቂልኝ» አልኋት።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? ልወልድ እኮ ነው።»

«ራስሽን ጠይቂ» ብዬ በሬን ዘጋሁ። ወሩ እስኪሞላም አልጠበቀች። ባሏ መጥቶ አልጋዋን ጫነ። በሬ ላይ ቆማ «ደህና ይሁኑ» ስትለኝ አልመለስሁላትም።

ሌላ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ወግ ይያዝ ብዬ እዚያው ሰፈር ያለ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራሁ። እንደገባ ገና መሣሪያውን ሳያስቀምጥ «ምነው እቴ፣ ማንን ነው እንዲህ የምትቆጪ? ድምፅሽ እኮ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል» አለኝ። ክው አልሁ። ያቺ የሳቀችብኝ ማኅበርተኛዬ ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው።

ሽማግሌው ቦርዱን ቆርጦ አወረደው። ውስጡ የአይጥ ጎጆ ነው፤ በእኔው ጭድ የተሠራ።

«ጂፕሰም ላይ ጭቃ ምን ይሠራል? ወረቀቱን አርሰሽ አበሰበስሽው። ጭዱ ላይ ደግሞ የጤፍ ፍሬ ቀርቶበታል። አይጧን ድግስ ጠርተሽ ማን ቆፈረው ትያለሽ?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ የእሷን በኩል አሳየኝ። ቀዳዳው በጥጥ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ስቱኮ ተለጥፎበታል። ሥራው የለማጅ ነው፤ የጣት ዱካ አለበት።

«አያ፣ ይኼን ማን ሠራው?» አልሁት።

«ያቺ ነፍሰ ጡር ናታ። እንዴት እንደሚለጠፍ ጠይቃኝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ‹እትዬ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ይሰማኛል፤ መስማቱ ነውር ሆነብኝ። ሰማችኝ ብለው እንዳይሳቀቁ ሳልነግራቸው ልድፈነው› አለችኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አልሁ። አፈርሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንን ሆዷን ይዛ በሬ ላይ የቆመችውን አሰብሁ።

ቤቷን አፈላልጌ እስካገኝ ወልዳለች። ምጡ ሲይዛት ባሏ መንገድ ላይ ነበር፤ ሆስፒታል ያደረሷት ገና ስሟን ያላወቁ ጎረቤቶች ናቸው። አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ገባሁ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ማርያም ታኑርልኝ፤ ይቀመጡ እትዬ።»

ሁሉንም ነገርኋት። ጭቃውን፣ አይጧን፣ ጥፍሯን ማየቴን፣ ያሰብሁባትን ሳላስቀር። «ይቅር በይኝ» አልሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ወዲያው፣ ቂም በሌለው ድምፅ። እፎይ አልሁ። ደስ ብሎኝ ልጁን ልታቀፍ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

እሷ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው፤ ዓይኑን ከማያምኑት ሰው ጨቅላ እንደሚሸፈነው።

«ተኝቷል፣ እትዬ» አለችኝ በትሕትና። ከብርድ ልብሱ ሥር እግሩ ይወራጭ ነበር።