እትዬ ዘውዴ ዘር አልቀላቀሉም

መመረጤን የሰማሁት ደብረ ታቦር፣ መሥሪያ ቤታችን ደጅ ላይ፣ የጫማዬን ጭቃ በድንጋይ እየፋቅሁ ሳለ ነው። አንዱ ባልደረባዬ በመስኮት ብቅ አለና «ነይ አንብቢው፣ ወስደውሻል!» ብሎ ጮኸ። ከየአገሩ የግብርና ተመራማሪዎችን እየጋበዘ ለአንድ ዓመት የሚያሠራ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ፌሎሺፑን ሰጥቶኝ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አማተብኩ። ለምስጋና መሰላቸው። ፈርቼ ነው ያማተብኩት። ለምን እንደ ፈራሁ እስከዚህ ቀን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። አሁን እናንተ ስሙኝ።

የተመረጥኩበት ጥናት ከጉና ተራራ ሥር ስለሚዘራ አንድ የገብስ ዓይነት ነበር። ገብሱ ውርጭ ይችላል ወይስ አይችልም? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። የምሞክርበት ማሳ የእትዬ ዘውዴ ነበር። እትዬ ዘውዴ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ጎጆ የሚመሩ፣ ምላሳቸው የሚጋረፍ፣ እጃቸው የማይሰስት ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከተዳፋቱ ይጀምርና ወርዶ ወርዶ ጎድጓዳው ሜዳ ላይ ያልቃል። ከላይም ከታችም ቴርሞሜትር ሰቅዬ፣ ሌሊቱ ምን ያህል እንደ ቀዘቀዘ በየማለዳው እመዘግብ ነበር። እሳቸው «የብርጭቆዋ እመቤት» ይሉኛል። በወር በወሩ የሚካኤል ማኅበር ይጠጣሉ፤ ከከተማ የመጣሁ ብሆንም ጎረቤቱን አሳምነው እኔንም ማኅበርተኛ አደረጉኝ።

በጥቅምት ሚካኤል ተራው የእሳቸው ነበር። ከቅዳሴ ስንመለስ ክንዴን ያዙና ወደ ማሳው አመለከቱኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የታችኛው ገብስ ነጥቶ አድሯል። ብርጭቆሽን አየሽው?»

«ዛሬ በዓል ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ውርጩ ታዲያ ምነው በዓል አላከበረ?» አሉና ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁና ገብቼ ከማኅበርተኛው ጋር ተቀመጥኩ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቴርሞሜትር ማንበብ ማረስ ነው? ማጨድ ነው? በማርያም ቀን፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በነጠላዬ ሥር ደብተሬን ይዤ ስንት ጊዜ አንብቤ የለም ወይ? ያን ቀን ብቻ ነው በዓል ማክበር የታወሰኝ። የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የማየውን ስላወቅሁ አላየሁም።

ይህም ቢሆን ትንሹ ነው። መሣሪያው የሌሊቱን ብርድ ምልክት አድርጎ ይዞ ይቆያል፤ ሰው እስኪመልሰው አይጠፋም። በማግስቱ ሄድኩ። ምልክቱ እዚያው ነበር። አየሁት። ቁጭ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በደንብ አየሁት። ከዚያ በጣቴ መለስኩት። በደብተሬ ላይ «በበዓል ምክንያት አልተነበበም» ብዬ ጻፍኩ። በአገራችን ይህን አንብቦ ቅንድቡን የሚያነሣ አለቃ የለም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ለውሸቴ ሊቀ መላእክቱን ምስክር አቆምኩት። አጨዳው ሲደርስም ለምዘና የቆረጥኩት ከተዳፋቱ ብቻ ነው። የታችኛውን ነጭ ገብስ ለከብት አስበላሁት። ጽሑፌ «ውርጭ ይችላል» አለ።

አንድ ነገር ግን ከአፌ አትጠብቁ። መሄዴን አልናዘዝም። መሄድ መፈለጌንም አልናዘዝም። ከወንዶች መካከል ብቻዬን ሴት ሆኜ በዝናብ ጉናን ስወጣና ስወርድ የከረምኩ ነኝ፤ ያ ወንበር ይገባኝ ነበር ብል አላፍርም። «ለዓለም ብላ ነፍሷን ሸጠች» የሚሉኝ ይኖራሉ። ይበሉ። ኃጢአቴን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያልሠራሁትን አትደርቡብኝ።

ሄድኩ። በሚቀጥለው ክረምት ጎረቤቱ ሁሉ የዚያን ገብስ ዘር ከእትዬ ዘውዴ ጎተራ በለውጥ ወሰደ። እሳቸው እያንዳንዱን «ከዳገቱ ዝሩት፣ ሜዳው ላይ አትዝሩት» ብለው ነበር። ማን ይስማቸው? «የተማረችዋ ይችላል ብላ ጽፋ የለም ወይ» አሏቸው። እሳቸው ዳገቱ ላይ ብቻ ዘሩ። ጥቅምት ሲገባ ውርጩ ሜዳውን መታው። የሰው ሁሉ ገብስ እሸት ሳይሆን ነጣ። የእሳቸው ተረፈ።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። «ደህናውን ዘር ለራሷ አስቀርታ እንክርዳድ ቀላቅላ ሰጠችን። ባታውቅ ኖሮ ሜዳው ላይ አትዝሩ ትለን ነበር?» ተባለ። ማስጠንቀቂያቸው ራሱ ክስ ሆነባቸው።

መሥሪያ ቤቴ ጻፈልኝ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ዘሩ በገበሬዋ ጎተራ ተቀላቅሎ ይሆን? እኔ መልሱን አውቃለሁ። ዘሩ ንጹሕ ነበር። ብርድ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፣ ገብሱም አይችለውም፤ ይህን በዓይኔ አይቼ በጣቴ አጥፍቼዋለሁ። በዚያው ሳምንት ቆይታዬን ያራዝሙልኝ ዘንድ ያስገባሁት ወረቀት ከፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጸሎቴን አድርሼ ተቀመጥኩ። ልብ በሉ፤ ጸሎቴን አድርሼ! ከዚያ ሁለት ቃል ጻፍኩ። «ሊሆን ይችላል።»

ጻፍኩት። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ጻፍኩት።

መልሴ በቀበሌው ስብሰባ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነበበ። ያ በመስኮት የጠራኝ ባልደረባዬ ቆይቶ በስልክ አጫወተኝ። እትዬ ዘውዴ ከተቀመጡበት ተነሥተው «እሷ ናት እንዲህ ያለች?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» ሲሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሷማ በዓል አክባሪ ናት፣ ምን አይታ!» ብለው ወጡ። ሰው ግራ ተጋባ። ባልደረባዬም «ምን ማለታቸው ነው?» አለኝ። እኔ ገባኝ። «እንጃ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ አስወጣቸው። ወንፈል የሚገባላቸው ጠፋ። በሬ ከማን ጋር ያቀናጁ? ባል የላቸው፣ የደረሰ ወንድ ልጅ የላቸው። ያን መሬት ለእኩል ሰጥተው ከገዛ ማሳቸው ግማሹን ምርት ለሌላ ሲያስረክቡ ኖሩ። ይኸው እስካሁን አሉ፤ በሕይወት አሉ። ብቻቸውን ያስቀድሳሉ፣ ብቻቸውን ይመለሳሉ አሉ።

የእኔ ዓመት ተራዘመ። ቀጥሎ ሥራ ሆነ። ቀረሁ። በኪራይ አዳራሽ በሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያናችን አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ። አንድ ጊዜ ለንስሐ አባቴ «በሥራዬ ላይ ዋሽቻለሁ» ብዬ ነበር። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። የእትዬ ዘውዴን ስም ግን አልጠራሁም። ግማሽ ኃጢአት ነግሬ ሙሉ ሥርየት ይዤ ወጣሁ። እሱንም ሰረቅሁ በሉት።

ወጣት ነበርሽ የሚለኝ አለ? ሠላሳ አልፎኝ ነበር። ዲያብሎስ አሳተሽ የሚለኝ አለ? ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያኔ እውነቱን ብጽፍ ወንበሬን እነጠቅ ነበር፤ አሁንም ብጽፍ ስሜን ይፍቁት ይሆናል። ይፋቁት። ለዩኒቨርሲቲው ጽፌ ጽሑፌ እንዲሰረዝ ጠይቄያለሁ። ለእናንተ ደግሞ ይህን ጻፍኩ። አላለቅስላችሁም። የእኔ ልቅሶ የማንንም መሬት አያርስም።

እንግዲህ በዚያ ስብሰባ የነበራችሁ፣ የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ የማውቃችሁ፣ ያጎረሳችሁኝ፣ እናንተን እለምናለሁ። ይህን ጽሑፍ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ድምፁ የሚሰማ ሰው ያንብበው። ስሜን አትዝለሉ። እትዬ ዘውዴ ዘር አልቀላቀሉም። እውነቱን ሲነግሯችሁ እኔን አመናችሁ፤ ያም ጥፋት ከሆነ ከእኔ ጋር ተካፈሉት። ቤታቸው ስትሄዱ ሽማግሌ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በሬ ጠምዳችሁ ሂዱ። ቢሰድቧችሁ ስሟቸው፤ ሲጨርሱ እረሱላቸው። ስለ እኔ ቢጠይቋችሁ ግን ይቅርታ አትለምኑልኝ። ለገና መጥቼ፣ በራቸው ላይ ቆሜ፣ እምቢ ሊሉኝ ከሆነ በራሴ ጆሮ እሰማቸዋለሁ።