አልበላም ያለችው እንሽላሊት

«ከምትፈሪያት በላይ እሷ ትፈራሻለች» ይላሉ። ውሸት ነው። ይህን የሚሉት እንሽላሊት የማይፈሩ ሰዎች ናቸው፤ የእኔን ፍርሃት በምን እንደለኩት ግን አንዳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ስለ ፍርሃት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ አንዱም ገጽ ግድግዳ ላይ እንሽላሊት ሳይ ወንበር ላይ ከመውጣት አላዳነኝም። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አንዷ ብቅ ስትል መጀመሪያ እኔን ከክፍሉ ያወጡኝ ነበር፣ ከዚያ መጥረጊያ ይፈለጋል። ምን አድርጋሽ ነው ይሉኛል። ምንም አላደረገችኝም። የምፈራው አኳኋኗን ነው፦ ድርቅ ብላ ትቆያለች፣ ትቆያለች፣ ከዚያ ስትንቀሳቀስ ሳላያት ሌላ ቦታ ትገኛለች።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ውሻ ነበር። እዚህ ጀርመን የምንኖርበት ሕንፃ አስተዳደር ውሻ ይከለክላል። ቀጥላ ድመት ጠየቀች። አለርጂ አለብኝ አልኳት፤ ይህ አለርጂ የያዘኝ ድመት በተጠየቅኩበት ዕለት ነው። ልጄ ሁለቱንም ሰማች፤ በሳምንቱ ፀጉር የሌለው፣ የማይጮህ፣ በኪራይ ውላችን ላይ ያልተከለከለ እንስሳ ፈልጋ መጣች። «ሰበብሽ አለቀ፣ ማማ» አለችኝ በጀርመንኛ። ለወሳኝ ነገር ሁሉ የምትመርጠው ጀርመንኛ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልጋት አሥር ገጽ ጽፋ እንድታሳምነኝ አዘዝኳት። ተስፋ ትቆርጣለች ብዬ ነው። አሥራ ሦስት ገጽ ጽፋ፣ ሥዕል ጨምራ አመጣች። ልጅን በድርሰት መቅጣት ዋጋው ይኸው ነው።

ለጀማሪ ይሆናሉ ከሚባሉት ሦስቱን አሰለፈችልኝ። የመጀመሪያው ባርታጋሜ ነው፤ አገጩ ሥር እሾሃማ ጢም ያለው፣ ርዝመቱ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ፣ ጥፋተኛ ያገኘ ዳኛ የሚመስል ፍጡር። ሁለተኛው ክሮነንጌኮ ይባላል፤ ይዘላል፣ መስታወት ላይም ይወጣል። መስታወት ላይ የሚወጣ ነገር ጣሪያም ላይ ይወጣል፣ ከጣሪያ ደግሞ ይወድቃል፤ እንዲህ ብዬ ሰረዝኩት። ሦስተኛዋ ሌኦፓርድጌኮ ናት፤ ቢጫ፣ ነጠብጣብ እንደ ነብር፣ ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ። እግሯ ለስላሳ ነገር ላይ መውጣት አይችልም። የዓይን ቆብ አላት፣ ዓይኗን ትከድናለች። ሌሎች እንስሳ ሲመርጡ ምን ይችላል ብለው ይጠይቃሉ። እኔ የመረጥኳት በማትችለው ነገር ነው።

የምታረባቸው ሴትዮ የምትኖረው ሪደርቫልድ ሰፈር ነው፤ ጡረታ የወጣች፣ አነጋገሯ ቆጠብ ያለ ጀርመናዊት። ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ የሰጠችን ለቅዳሜ ጠዋት ነው። ገና ከበሩ ላይ የቴራሪየማችንን፣ የመስታወት ቤቷን፣ ፎቶ ካላየሁ አላስገባም አለች፤ መስታወቱን፣ የማሞቂያውን መብራት፣ መደበቂያ የሚሆናትን ግልብጥ ሸክላ አሳየናት። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። የመኖሪያ ፈቃዴን ሳሳድስ እንኳ ይህን ያህል አልተመረመርኩም። ልጄ ሁሉንም መለሰች።

«እርስዎስ? መያዝ ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

«በርዶኝ ነው» አልኩ፣ እጄን ከኮቴ ኪስ ሳላወጣ።

ልጄ ልትመርጥ ስትል ሴትዮዋ ቀለሟን አትዪ አለቻት። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ስትጠጊያት የምታይሽ፣ ጭራዋ ወፈር ያለውን ምረጪ። ጭራዋ ጎተራዋ ነው፤ የበላችውን ትርፍ እዚያ ታከማቻለች፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያ ትኖራለች። ሲያስፈራሯት ግን ጎተራዋን ጥላ ትሸሻለች። ስለዚህ ጭራዋ አይነካም። ደግሞም አዲስ ቤት ስትገባ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ላትበላ ትችላለች። ይህን ስትናገር የምታየው እኔን ነበር። «ውኃና አንድ ፌንጣ ይተዉላት፣ በቃ። አይክፈቱ፣ አያውጧት፣ አይለምኗት።»

ልጄ ከቀረቡላት አራት እንሽላሊቶች ሦስተኛዋን መረጠች። በኡ-ባን፣ በምድር ባቡሩ፣ ወደ ሰፈራችን ቦናመስ ስንመለስ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ታቅፋ ተቀመጠች፤ እኔ ፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ክዳኑን ስጠብቅ መጣሁ።

ሰኞ ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለአምስት ቀን ክላሰንፋርት ሄደች። ጉዞው ላይ ስልክ ክልክል ነው። ሴትዮዋ ያለችውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው፤ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ በአማርኛ ደገመችልኝ፣ እንድረዳ።

«ምንም አታድርጊ። ኦኬ? ምንም።»

እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። የመጀመሪያ ቀን የፈራሁት እንዳትወጣ ነው፤ የመስታወቱን በር ከውጭ በፕላስተር አሸግኩት። ማክሰኞ የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። አመሻሽ ላይ ከሸክላው ሥር ወጥታ፣ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ልጄ ትታላት የሄደችው ፌንጣ አጠገቧ ዘለለ። አላየችውም፣ ወይም አይታ ናቀችው። ጎኗ ገባ ያለ መሰለኝ። ፕላስተሩን አንስቼ ውኃዋን ስቀይር የፈራሁት እንዳትነካኝ ብቻ አልነበረም። አርብ ልጄ መጥታ ደርቃ ብታገኛትስ? በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ነው የለመነችኝ፤ አምናኝ ትታልኝ የሄደችውም ይኸንኑ ነው።

ረቡዕ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ መጡ። ድሮ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ረቡዕ ረቡዕ እኔ ጋ ሻይ ይጠጣሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ መስታወቱ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ምን በላች?»

«ምንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅዳሜ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ! ቤትሽ መጥታ አራት ቀን ጦሟን ስታድር ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

«ጋሼ፣ ይኸው ተጽፏል። መነካት የለባትም።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ልጄ ናት። ሴትዮዋ ነግራት።»

«ጀርመን!» አሉ፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። «ቤቱ ሄደሽ አንዴ በቃኝ ካልሽ ሳህኑን ያነሳብሻል። ስለ እንግዳ እነሱ ናቸው የሚያስተምሩሽ? ይሉኝታ ይዟት ነው እኮ።»

«እንሽላሊት ይሉኝታ የላትም፣ ጋሼ።»

«ለምነሻት ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር አላስገደዱኝም። ስፈልገው የነበረውን ፈቃድ ነው የሰጡኝ። እንግዳ ሲቀርብለት እንቢ ካለ ሦስት ጊዜ መለመን ሳይነገረኝ የማውቀው ነገር ነው፤ ያልለመንኩት ሰው ቤቴ መጥቶ አያውቅም። ፌንጣ በመቆንጠጫ ያዝኩ። ፕላስተሩን ላጥኩ። በግራ እጄ ሸክላውን አነሳሁ።

ፌንጣውን አፏ ጋ አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረች። በዞረችበት ተከተልኳት።

«ብይ እንጂ፣ እናቴ!» አሉ ጋሼ በትከሻዬ ላይ። «በሞቴ! አንዲት ብቻ! አፈር ስሆን!»

ወደ ጥጉ አፈገፈገች። ጭራዋን ቀስ ብላ አነሳች፤ ግራና ቀኝ ታወዛውዘው ጀመር።

«ይኸው፣ ደስ አላት!» አሉ ጋሼ። ውሻ መስላቸው ነው። እኔም ተስፋ አደረግኩ፤ መቆንጠጫውን ጨመር አድርጌ አስጠጋሁት። ያ ውዝዋዜ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ድንገት ወደ እጄ መጣች። ጮህኩ፣ ሸክላውንም ለቀቅኩት።

ሸክላው አጠገቧ ሲወድቅ እሷ ማዶ ነበረች። ጭራዋ ግን እዚሁ ነበር። ብቻውን። ይገለበጣል፣ ይጠማዘዛል፣ መስታወቱን ይመታል፤ ባለቤቱን የሚፈልግ ይመስላል። ጋሼ አማተቡና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለታችንም ጸጥ እስኪል ጠበቅን። ጸጥ ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

ለሴትዮዋ ደወልኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ምግብ አስጠጉባት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንግዳ ስለሆነች» አልኩ። በጀርመንኛ ምንም ትርጉም አልሰጠም። ጭራዋ ይበቅላል አለችኝ፣ መልኩ የቀድሞው ባይሆንም። ያከማቸችው ግን ሄዷል፤ ከእንግዲህ ክፉ ቀን የምታልፍበት ነገር የላትም። ቁስሉ እንዳይመረቅዝ አሸዋውን አውጥቼ ንጹሕ የወጥ ቤት ወረቀት ማንጠፍ አለብኝ። ከዚያ ሙቀት፣ ውኃ፣ ፍጹም ጸጥታ።

«ትተርፋለች?»

«አላውቅም። ብትበላ ትተርፋለች። እንድትበላ ደግሞ መተው አለባት።»

አሸዋው እንዲወጣ መጀመሪያ እሷ መውጣት ነበረባት። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው «እኔ አልችልም፣ ልጄ» አሉ። በባዶ እጄ አነሳኋት። ጓንት ነበረኝ፤ በጓንት ግን ምን ያህል እየጫንኳት እንደሆነ አላውቅም ብዬ ፈራሁ። ደረቅና ለስላሳ ናት፣ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል። ሆዷ መዳፌ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሼ አሸዋውን እስኪያወጡ ያዝኳት፤ ከፍርሃት የተነሳ ጥርሴን ነክሼ ስለነበር እስከ ማግስቱ መንጋጋዬን አመመኝ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። አሁንም አልለቀቀኝም። ጀግና ሆንኩ የሚል ታሪክ የፈለገ ሌላ ጋ ይሂድ።

ሐሙስ ማታ ጋሼ ደወሉ። «ልጅሽን፣ ጋሼ ናቸው ያስገደዱኝ በያት። ሽማግሌ ናቸው፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም በያት።» አሰብኩበት። «ዝም ብሎ ወደቀ» የሚለውንም አሰብኩ። ለፈጠራ ጽሑፍ መጥፎ አልነበረም።

አርብ ልጄ ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ ቀጥታ ወደ መስታወቱ ሄደች። ነጩን ወረቀት አየች። ከዚያ ጭራ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች።

«ነካሻት?»

«አዎ። አትበላም ብዬ ፈርቼ። ከፍቼ ለመንኳት።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ነገር ነበር የነገርኩሽ» አለች በጀርመንኛ፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳትቀሰቅስ ያህል። ያን ወረቀት ገንጥላ አዲስ ጻፈች፦ ማማን ጨምሮ ማንም አይከፍትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ምሳ ነው። ማታ ማታ መብራት አጥፍታ ከመስታወቱ ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ከኮሪደሩ አያታለሁ። አንድ ፌንጣ አስገብታ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ሳይበላ ሲቀር መልሳ ታወጣዋለች።

ይህን የምጽፈው ቤታችን በገባች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አልበላችም። ዛሬ ጠዋት የዳሌ አጥንቷ ይታይ ነበር፣ ዓይኗ ግን ክፍት ነው።

ወሬው ወጥቷል። ጋሼ ጸጸቱ አላስቀምጥ ብሏቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም ተናግረዋል። አንዷ ጸበል ላምጣ አለችኝ። አዳራሽ ተከራይተው ከሚያመልኩት ጎረቤቶቼ አንዱ ሰብሰብ ብለን መጥተን እንጸልይላት አለ። ሌላዋ ከሳክሰንሃውሰን ሰፈር ደውላ «ምን ትወዳለች? ሠርቼ ልምጣ» አለች፣ ከልቧ። ታማሚ ቤት ባዶ እጅ እንደማይኬድ አውቃለሁ፤ እኔም ሄጃለሁ፣ የማይበላ ሰው አልጋ አጠገብ ማንኪያ ይዤ ቆሜአለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከአሥር ሰው በላይ ሊመጣ ነው። አሥር ሰው ያቺን መስታወት ከቦ ሲያዝን ይታየኛል፤ አንዱም ሳይለምናት አይሄድም።

ቤቴን የምታውቁ ሁሉ፦ አትምጡ። ደወሉን አትደውሉ፣ ምግብ በር ላይ አታስቀምጡ፣ በላች ወይ ብላችሁ አትጠይቁን። ተዉአት።